የአየር መንገደኛና የእጁ ጓዝ

መንገደኛ ከቤቱ ከመውጣቱ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ስንቁና ስለ ጓዙ ነው። የዋግ ሰው ይህን ነገር ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። አሞሌ ጨው ከአፋር በረሓ ከአርሖ ተነሥቶ ወደ ሰቈጣ ገበያ ይመጣ በነበረበት ዘመን፣ ቆላውን የሚያቋርጠው በግመል፣ ዳገቱን የሚወጣው በበቅሎና በአህያ ነበር። ግመል የቻለውን ሁሉ አህያ አይችልምና ጭነቱ ከግመል ወርዶ በአህያ ሲጫን እንደ ገና ተፈትቶ መከፋፈል ነበረበት። በየኬላውም የኬላው ሹም ራሱ ባወቀው ልክ ይቈጥር፣ ይቀርጥ ነበር፤ ነጋዴው «በወዲያኛው ኬላ ይህን ያህል ከፍዬ አልፌአለሁ» ቢል፣ ያ ቃል ለወዲህኛው ኬላ ጠባቂ ምስክር አይሆነውም ነበር።

ኬላው ከቀረ ብዙ ዘመን ሆነ። ዳሩ ግን ዛሬ በአየር የሚሄድ ሰው፣ ጕዞው በልዩ ልዩ ኩባንያዎች አይሮፕላን የተከፋፈለ እንደ ሆነ፣ ያንኑ የድሮውን የኬላ ነገር ባዲስ መልክ ያገኘዋል። በእጁ ይዞት የሚገባው ሻንጣ በመጀመሪያው አይሮፕላን ያለ አንዳች ቃል ያልፋል፤ በሁለተኛው ይመዘናል፤ በሦስተኛው ደግሞ ከመሳፈሪያው በር ላይ ከእጁ ይወሰዳል። ይህም የሚሆነው መንገደኛው ስለ ተናቀ ወይም ሊበድሉት ስለ ፈለጉ አይደለም። የእጅ ጓዝ ሕግ ትኬቱን ከሸጠው ኩባንያ ጋራ የሚሄድ ሳይሆን፣ መንገደኛው በዚያች ሰዓት የሚሳፈርበትን አይሮፕላን ከሚያበርረው ኩባንያ ጋራ የሚሄድ ስለ ሆነ ነው። ይህን አንዱን ነገር ያወቀ ሰው ከችግሩ እኩሌታውን አመለጠ ማለት ይቻላል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ በዚያው ዓመት በመጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያውን በረራ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ባደረገ ጊዜ ይህ ሁሉ ጣጣ አልነበረም። ሲ 47 የተባሉት የዚያን ጊዜ አይሮፕላኖች መቀመጫቸው በግራና በቀኝ የተዘረጋ አግዳሚ ነበርና ጭነቱ በመካከል ታስሮ ይሄድ ነበር። ዛሬ ግን አየር መንገዱ ከታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ጀምሮ ስታር አሊያንስ በሚባለው የኩባንያዎች ኅብረት ውስጥ ገብቶአል፤ ስለዚህ አንድ ሰው አዲስ አበባ ላይ በተቈረጠ አንድ ትኬት የኢትዮጵያን፣ የጀርመንንና የአሜሪካን ኩባንያ አይሮፕላን እያፈራረቀ እስከ ዓለም ዳርቻ ለመድረስ ይችላል። ትኬቱ አንድ መሆኑም መንገደኛውን ያዘናጋዋል። ትኬቱ አንድ ከሆነ ሕጉም አንድ ይመስለዋልና።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይሻላል። በደሃና ወረዳ ከአምደ ወርቅ የተነሣ አንድ ካህን በአሜሪካ አገር ወዳለ ቤተ ክርስቲያን ለአገልግሎት ተጠርቶ ሄደ እንበል። ዘመዶቹ በባዶ እጁ አይሰዱትም። ባሕር ማዶ ያሉት ልጆች ያገራቸውን ጣዕም ከቀመሱ ዘመን ሆኖአቸዋልና፣ አንዷ እኅት የዋግን ነጭ ማር በዕቃ ሞልታ ትሰጠዋለች፤ ሌላዋ በሶ፣ ሌላዋ በርበሬ ታመጣለች። እርሱም የጸሎት መጽሐፉን፣ የእጅ መስቀሉን፣ ልብሰ ተክህኖውን፣ መድኀኒቱንና ወረቀቱን ከዚያው ላይ ይጨምራል። ሻንጣው ያብጣል። ከላሊበላ ወደ አዲስ አበባ ባለ ሁለት ፕሮፔለር አይሮፕላን ላይ ሲሳፈር፣ ከራስ በላይ ያለው መደርደሪያ ጠባብ ስለ ሆነ ሻንጣው በግድ ይገባል ወይም ከበታች ይጫንለታል፤ ማንም ብዙ አይናገረውም። በቦሌ ግን ወጣቷ ሠራተኛ፣ «አባቴ፣ ሻንጣዎን እስቲ ሚዛኑ ላይ ያድርጉልኝ» ትለዋለች። ሚዛኑ 11 ኪሎ ይላል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በተራ ማዕርግ ለሚሳፈር ሰው የሚፈቅደው የእጅ ሻንጣ አንድ ሆኖ፣ ክብደቱ ከ7 ኪሎ፣ መጠኑም ከ55 በ40 በ23 ሳንቲሜትር የማይበልጥ ነው። ላይኛው ማዕርግ ሁለት ሻንጣ ይፈቀድለታል። ሉፍታንዛ የተባለው የጀርመን ኩባንያ መጠኑን እንደዚሁ 55 በ40 በ23 አድርጎ፣ ክብደቱን 8 ኪሎ ያደርሰዋል። የአሜሪካው ዩናይትድ ደግሞ የክብደት ወሰን የለውም፤ መጠኑን ግን 56 በ35 በ22 ሳንቲሜትር አድርጎ ወስኖታል።

አንባቢ ከዚህ ላይ ጥቂት ቢቆም መልካም ነው፤ የነገሩ ቋጠሮ ከዚሁ ነውና። በአዲስ አበባ ተለክቶ ያለፈ ሻንጣ ወርዱ 40 ቢሆን፣ በአሜሪካው ኩባንያ ልክ 5 ሳንቲሜትር ያልፋል። በአሜሪካ ኩባንያ 12 ኪሎ ይዞ የመጣ ሰው ደግሞ ወደ አገሩ ሲመለስ በአዲስ አበባው መስመር 5 ኪሎ ትርፍ ይገኝበታል። አንዱ በሚዛን ይለግሳል፣ በወርድ ይነፍጋል፤ ሌላው በወርድ ይለግሳል፣ በሚዛን ይነፍጋል። እንግዲህ በሦስቱም አይሮፕላን ያለ ክርክር የሚያልፈው ሻንጣ ከሦስቱ ሕግ እየተመረጠ የጠበበው ብቻ ተወስዶ የሚሰፋ ነው፤ ይኸውም ቁመቱ 55፣ ወርዱ 35፣ ውፍረቱ 22 ሳንቲሜትር፣ ክብደቱም 7 ኪሎ መሆኑ ነው። ጐማውና መያዣውም ከልኩ ጋራ ይቈጠራሉ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው።

ይህም ስለ ትልልቆቹ አይሮፕላኖች ነው። ካህናችን ከፍራንክፉርት ተነሥቶ ዋሺንግተን ከደረሰ በኋላ ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ የሚወስደው 50 ሰው ብቻ የሚይዝ አይሮፕላን እንደ ሆነ፣ ልኩን የጠበቀ ሻንጣ እንኳ ከመደርደሪያው አይገባም። ስለዚህ ከመሳፈሪያው በር ላይ ምልክት ታስሮበት ከበታች ይጫናል፣ ሲወርዱም ይመለሳል። በአውሮፓ ደግሞ በርካሽ ዋጋ የሚያበርሩ ኩባንያዎች አሉ። ከእነዚህ እንደ ዊዝ ኤር ያለው ያለ ተጨማሪ ዋጋ የሚፈቅደው ከመቀመጫ በታች የምትገባ 40 በ30 በ20 ሳንቲሜትር የሆነች አንዲት ቦርሳ ብቻ ነው፤ ከዚያ የሚተርፈው በገንዘብ ነው። ባውሮፓ ውስጥ ዘመድ ለመጠየቅ ብሎ ለብቻው እንዲህ ያለ ትኬት የቈረጠ ኢትዮጵያዊ፣ ከአዲስ አበባ በደኅና ይዞት የመጣውን ሻንጣ ለማሳፈር ከትኬቱ ዋጋ የማያንስ ገንዘብ የሚጠየቅበት ጊዜ አለ።

ታዲያ ኩባንያዎቹ ባንድ ልክ ስለ ምን አይስማሙም? ስምምነት ተሞክሮ ነበር። በሰኔ 2007 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የአየር መንገዶች ማኅበር ኩባንያዎች ሁሉ ሊቀበሉት የሚችሉት ሻንጣ 55 በ35 በ20 ሳንቲሜትር ይሁን፣ ልዩ ምልክትም ይደረግበት ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ይህ ልክ ብዙ ሰው በቤቱ ካለው ሻንጣ ያነሰ ስለ ነበረ፣ ይልቁንም በሰሜን አሜሪካ፣ «ሕዝቡን አዲስ ሻንጣ ልታስገዙት ነውን?» የሚል ቍጣ ተነሣ፤ ማኅበሩም ወሩ ሳያልቅ ሐሳቡን አቆመው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ በየራሱ ልክ ይኖራል።

የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም በመስከረም 8 ቀን 2007 ዓ.ም. በአንድ የስፔን ኩባንያ ላይ በተነሣ ክርክር፣ ለኩባንያው ተመዝኖ በሚሰጥ ሻንጣ ላይ ዋጋ መጠየቅ ይቻላል፤ የእጅ ጓዝ ግን ለመንገደኛ የግድ የሚያስፈልግ ነውና በክብደትና በመጠን ተገቢ በሆነ ልክ እስካለ ድረስ ዋጋ አይጠየቅበትም ብሎ ፈረደ። «ተገቢ ልክ» የሚለው ቃል ግን ስንት ሳንቲሜትር እንደ ሆነ አልተነገረምና ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም። በቍጥር ያልተጻፈ ሕግ ለክርክር በር እንደሚከፍት በጽሕፈት ቤት የሠራ ሹም ሁሉ ያውቀዋል።

ከኩባንያዎቹ ወገንም እውነት አለ። ከራስ በላይ ያለው መደርደሪያ የሚችለው ክብደት የተወሰነ ነው፤ አይሮፕላን ሲናወጥ ከላይ የሚወድቅ 12 ኪሎ ሻንጣ ሰው ይጎዳል፤ አደጋ ሲነሣም በመተላለፊያው የተዘረጋ ጓዝ ሕዝቡን ከመውጫው ያግዳል። ሆኖም የደኅንነት ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ አንዱ 7፣ ሌላው 8 ኪሎ፣ ሦስተኛው ያለ ወሰን ባልሆነ ነበር፤ አይሮፕላኖቹ በአብዛኛው ከቦይንግና ከኤርባስ ፋብሪካ የወጡ ወንድማማች ናቸውና። ከልዩነቱ ከፍ ያለው ክፍል የንግድ ነገር ነው።

አንድ ሌላ መለየት የሚገባው ነገር አለ። ለኩባንያው ተመዝኖ የሚሰጠውና በአይሮፕላኑ ሆድ የሚጫነው ትልቁ ሻንጣ ሕጉ ሌላ ነው። ትኬቱ አንድ እንደ ሆነ፣ ከመነሻ እስከ መድረሻ ባንድ ኩባንያ ሕግ እንዲሄድ ኩባንያዎች የተስማሙበት ደንብ አለ፤ ከአሜሪካ ለሚነሣ ወይም አሜሪካ ለሚደርስ ጕዞም የአሜሪካ መንግሥት በመጀመሪያው የተወሰነው ልክና ዋጋ እስከ መጨረሻው እንዲጸና ደንግጎአል። ብዙ መንገደኛ ይህንን ሰምቶ ለእጅ ሻንጣውም የሚሠራ ይመስለዋል፤ ከመሳፈሪያው በር ቆሞም «በአዲስ አበባ ተፈቅዶልኛል» ብሎ ይከራከራል። ክርክሩ ትክክል ለሆነ ሻንጣ የተነገረ እውነት ነበር፤ የተያዘበት ሻንጣ ግን ያ አይደለም። ትኬቱ ሁለት ሆኖ ለየብቻ የተቈረጠ እንደ ሆነ ግን ለትልቁም ሻንጣ ይህ ጥላ አይገኝም፤ ሁለተኛው ኩባንያ የመጀመሪያውን እንደማያውቅ ሆኖ ይመዝናል።

እስከዚህ የተነገረው የኩባንያዎቹ ነገር ነው። ከኩባንያው በላይ ደግሞ የመንግሥታት መርማሪ አለ፤ እውነተኛው ኀዘን የሚደርሰውም በእርሱ ገበታ ላይ ነው። በነሐሴ 4 ቀን 1998 ዓ.ም. በለንደን፣ ፈሳሽ ነገር በመጠጥ ዕቃ አስመስለው ይዘው አይሮፕላኖችን በአየር ላይ ለማፈንዳት ያሰቡ ሰዎች ተያዙ። ከዚያ በኋላ በአውሮፓ ከጥቅምት 27 ቀን 1999 ዓ.ም. ጀምሮ መንገደኛ በእጁ የሚይዘው ፈሳሽ ሁሉ ከ100 ሚሊ ሊትር በማይበልጥ ዕቃ ሆኖ፣ ዕቃዎቹም አንድ ሊትር በምትይዝ በምታሳይ ከረጢት እንዲሰበሰቡ ታዘዘ። ሌሎችም አገሮች ይህንኑ ተከተሉ።

ማር በዚህ ሕግ ፈሳሽ ነው። የዋግ ነጭ ማር ረግቶ በቢላዋ የሚቈረጥ ቢሆን እንኳ መርማሪው ከፈሳሽ ይቈጥረዋል፤ ቅቤም እንደዚሁ ነው። ካህናችን በፍራንክፉርት አይሮፕላን ሲለውጥ እንደ ገና ይመረመራልና፣ እኅቱ የሰጠችውን ማር ከዚያ ማረፊያ ከጥራጊ ዕቃ ውስጥ ሲጣል ቆሞ ያያል። ቋንቋውን አይችልም፤ ሊነግራቸው የሚፈልገው ነገር ግን ብዙ ነበር። በዚያ ድርቅ በሚደጋገምበት ደጋ ንቡ ስንት አበባ ዞሮ፣ ባለቤቱም ስንት ወር ጠብቆ ያን ማር እንዳገኘው መርማሪው ከወዴት ያውቃል? ቢያውቅስ ምን ያደርጋል? ሥራው 100 ሚሊ ሊትር ነው። በቅርብ ዓመታት ከአውሮፓና ከብሪታንያ ማረፊያዎች አንዳንዶቹ አዲስ መመርመሪያ ስለ ተከሉ ይህን ወሰን ማላላት ጀምረዋል፤ ነገር ግን ይህ ደግሞ ሌላ ወጥመድ ነው። በአንዱ ማረፊያ ያለፈ ዕቃ በሚቀጥለው ማረፊያ ይያዛልና።

በሶው፣ ሽሮውና በርበሬውም ከመከራ አልዳኑም። የአሜሪካ መንግሥት ከሰኔ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ከውጭ አገር ወደ አሜሪካ በሚሄድ አይሮፕላን ላይ በእጅ የሚያዝ ዱቄት ከ350 ሚሊ ሊትር የበለጠ እንደ ሆነ ተለይቶ እንዲመረመር፣ ምንነቱ ካልተረጋገጠም ወደ አይሮፕላኑ እንዳይገባ አዘዘ። ይህ ልክ ከአንድ የለስላሳ መጠጥ ጣሳ ጥቂት ቢበልጥ ነው። ማሩም፣ ቅቤውም፣ ዱቄቱም ከመነሻው ታሽገው በትልቁ ሻንጣ ቢገቡ ከዚህ ምርመራ ይድኑ ነበር፤ ከዚያ የሚቀረው የሚደርሱበት አገር የጉምሩክ ጥያቄ ብቻ ነው።

ትንሽ ባትሪ የሚያደርገው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ስልክ የሚሞላበት ተንቀሳቃሽ ባትሪ በትልቁ ሻንጣ ፈጽሞ አይገባም፤ በእጅ ብቻ ይያዛል፤ እሳት ቢነሣ ሰው ሊያጠፋው የሚችለው በሚታይበት ስፍራ ነውና። በጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በደቡብ ኮሪያ በኪምሄ ማረፊያ አንድ አይሮፕላን ገና ሳይነሣ ከውስጥ በተነሣ እሳት ከተቃጠለ ወዲህ፣ ብዙ ኩባንያዎች ስለዚህ ነገር ጥብቅ ሆነዋል። ስለዚህ የእጅ ሻንጣ ከበር ላይ ተወስዶ ከበታች እንዲጫን በታዘዘ ጊዜ፣ አስቀድሞ ባትሪው መውጣት አለበት። ከባትሪው ጋራ አብረው መውጣት የሚገባቸው መድኀኒቱ፣ ገንዘቡ፣ ፓስፖርቱና የትምህርት ወረቀቱ ናቸው። ብልህ መንገደኛ እነዚህን ከመጀመሪያው በምትመዘዝ ትንሽ ከረጢት ለብቻ አድርጎ በሻንጣው አፍ ላይ ያኖራቸዋል።

ስለ ንዋየ ቅድሳትም አንድ ቃል ማከል ይገባል። መቋሚያ በምንም ልክ ከ55 ሳንቲሜትር ሻንጣ አይገባም። ለደከመ ሽማግሌ የሚደገፍበት ምርኩዝ ከጓዝ አይቈጠርም፤ ለማሕሌት የሚያዘው መቋሚያ ግን ከትልቁ ሻንጣ ጋራ ተጠቅልሎ ቢሰጥ ይሻላል። ጸናጽልና የእጅ መስቀል በመመርመሪያው ብረት ሆነው ስለሚታዩ፣ ከላይ ቢቀመጡና ሲጠየቁ ወዲያው ቢወጡ ጊዜ አያባክኑም። የብራና መጽሐፍ ግን የሻንጣ ልክ ነገር አይደለም፤ በአዋጅ ቍጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ የሆነ ዕቃ ከሚመለከተው ባለሥልጣን ፈቃድ ሳይኖር ካገር አይወጣም፤ ያያቶቼ ነው ማለት ፈቃድ አይሆንም። መሰንቆ ለሚይዝም የአሜሪካ ሕግ የገዛ አገሩ ኩባንያዎች ትንሽ የዜማ ዕቃን ከመደርደሪያው ስፍራ እስካለ ድረስ በእጅ ጓዝ እንዲቀበሉ ያስገድዳቸዋል። ይህ ሕግ የሚያዝዘው ግን የአሜሪካን ኩባንያዎች ብቻ ነው፤ በፊተኛው አይሮፕላን ላይ የዋለ አይደለም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ በደሉ የማን ነው ቢባል፣ የመርማሪው አይደለም፤ የታዘዘውን ይሠራል። የወጣቷ የቦሌ ሠራተኛም አይደለም። መንገደኛውም ያልተነገረውን ሊያውቅ አይችልም። ጕድለቱ ያለው ትኬቱ በሚሸጥበት ስፍራ ነው። አንድ የትኬት ሻጭ ገንዘቡን በሚቀበልበት ሰዓት የእያንዳንዱ አይሮፕላን አብራሪ ኩባንያ ማን እንደ ሆነ በፊቱ ተጽፎ ያየዋል፤ በትኬቱም ላይ በትንንሽ ፊደል፣ በእንግሊዝኛ፣ «የሚያበርረው እገሌ ነው» ተብሎ ይታተማል። ይህን መስመር በአማርኛ ለመጻፍ፣ ከበታቹም የሦስቱን ኩባንያ ልክ አስተያይቶ የጠበበውን አንዱን ብቻ በቍጥር ለማኖር ግማሽ ገጽ ወረቀት ይበቃል። ለዋግ ሰው ደግሞ በኽምጣንጋ ቢነበብለት ከዚህ የሚበልጥ ደግነት የለም። ሰው ባሕር ማዶ ሲጠራ ደብዳቤ የሚጽፉት የሀገረ ስብከትና የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችም፣ ስለ ቀኑና ስለ ሰዓቱ ሲጽፉ ስለ ሻንጣው አንድ መስመር ቢጨምሩ ማኅተማቸው አይከብድም። ኩባንያዎቹ ልካቸውን በየጊዜው ይለውጣሉና መስመሩ ትኬቱ በተቈረጠበት ቀን የተጠየቀ መሆን አለበት፤ ያምናው ወረቀት ለዘንድሮ መንገደኛ አይሆንም።

እስከዚያው ድረስ ግን በአምደ ወርቅ ገበያ የእህል ነጋዴ ሚዛን አይጠፋም። ልብስ ሰፊውም ሜትር አለው። ካህኑ ከመነሣቱ በፊት ባለው የገበያ ቀን ሻንጣውን ከነስንቁ አንሥቶ እዚያ ቢወስደው፣ ነጋዴው ከ7 ኪሎ የተረፈውን ማርና በሶ ወደ ትልቁ ሻንጣ ሲያሸጋግር እኅቱ ቆማ ታየዋለች፤ ዕቃውንም ራስዋ በሚገባ ታስረዋለች።